እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ

ሴዳር ክሪክ፣ ሚዙሪ
ማርች 4 ቀን 1991

ለተከበሩ አክስቴ አርዲስ፣

የጌታ ሰላም እኔ የማላውቀውን ተራራ ሁሉ ተሻግሮ ቦሊቪያ ድረስ ይድረስዎ። እርስዎና አጎቴ ክላረንስ እንደምን ከርማችኋል? እኛ ደኅና ነን፣ ስሙ ይመስገን። ባለቤቴ ዌንደል አሁንም በመኪናው ግንድ ያመላልሳል፤ ወገቡ ካስቸገረው በቀር ሌላ ምንም አላለውም።

ራሞና ነኝ፣ የአጎትዎ ልጅ የሉዌላ ልጅ። ቢረሱኝም አልቀየምም። ከሦስት ዓመት በፊት ልጆቻቸውን ቤታቸው የሚያስተምሩ እናቶች ስብሰባ ላይ ሲናገሩ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስነፋረቅ የነበርኩት ሴት ነኝ። «ከሰባቱ ልጆቼ አንዱ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ አንዲት ቃል አላነበበም፤ እኔም አላስጨነቅኩትም። አንድ ጠዋት መጽሐፉን ከፍቶ ያነብልኝ ጀመር» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨቡም አቃተኝ። ታቢታን ከትምህርት ቤት ያስቀረኋት በዚያው ሳምንት ነው።

ጉዳዬ ይኸውልዎ። ልጆቼ አራት ናቸው። ታቢታ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰማችውን አትረሳም፤ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች። ፊደል ግን አልገባ አላት። ትናንት ስንት ሰዓት የታገለችበትን ቃል ዛሬ እንደ እንግዳ ሰው ታየዋለች። ሲላስ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ወንበር ላይ የሚረጋው እንቅልፍ ሲጥለው ብቻ ነው፣ ቁጥር ሲጽፍም ገልብጦ ነው። ሜርሲ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማንም ሳያስተምራት የዶሮ መኖ ከረጢት ላይ ያለውን ሳይቀር ታነባለች። ጁድ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን «እምቢ» ከማለት በቀር የተናገረው የለም፤ እሷን ግን ጥርት አድርጎ ይላታል።

ጠረጴዛዬ ላይ አራት ካታሎግ ተዘርግቷል። አንዱ ፊደሉን ድምፅ በድምፅ በካርድ የሚያስተምር ነው፤ እናትየው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ልጅ ጎን አትነሣም። ሌላው ሁሉንም ልጆች ባንድ ርዕስ ዙሪያ ሰብስቦ መርከብ ያሠራል፣ ዳቦ ያስጋግራል። ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ ዓይነት ወፍራም መጽሐፍ ነው። አራተኛው እርስዎ ያስተማሩበት፣ ሰማያዊ ሽፋን ያላቸው ቀጫጭን ደብተሮች። ለታቢታ የሚሆነው ሜርሲን ያሰለቻታል፤ ለሜርሲ የሚሆነው ሲላስን ያስለቅሰዋል። የዌንደል እህት ቦኒ «ታቢታን የከተማው ትምህርት ቤት አስገቢያት፤ ለእንደሷ ዓይነት ልጅ ለብቻው አስተማሪ አላቸው» ትለኛለች። ዌንደል ደግሞ «እኔንም በልጅነቴ ለብቻህ ተማር ብለው ምድር ቤት ከመጥረጊያዎቹ ጋር ነው ያስቀመጡኝ። ልጄን አልሰጥም» ብሏል። ዌንደል አንዴ ከተናገረ አይደግምም።

የቱን ልምረጥ? ከምክርዎ በቀር ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም።

አክባሪዎ፣
ራሞና ፕሩዊት


ኮቻባምባ አጠገብ፣ ቦሊቪያ
ሜይ 20 ቀን 1991

ለተወደድሽው ልጄ ራሞና፣

ጸጋና ሰላም ላንቺ፣ ለዌንደልና ለአራቱ በረከቶችሽ ይብዛ። ደግሞ እረሳሻለሁ? የሰርግሽን ኬክ የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! እኛ ከብርዱ በቀር የምናማርረው የለንም። ኬቹዋ የሚባሉትን ሠላሳ አንድ የአገሩን ሴቶች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ አምስቱ የማርቆስን ወንጌል ማንበብ ጀምረዋል።

ካታሎጎቹን ምድጃ ውስጥ ክተቻቸው። የእኔ ደብተሮች ሦስት ሳጥን ሙሉ ልጄ ሌላንድ ቤት ቆጥ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላንድን ታውቂዋለሽ፤ እንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ ብቻውን ይኖራል። ሄደሽ ውሰጃቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጅቷ ራሷ ትሠራለች፤ ስትጨርስ ተነሥታ ግድግዳው ጥግ ካለው ጠረጴዛ የመልሱን መጽሐፍ እያየች ራሷ ታርማለች። እንዲህ ካልሆነ አራት ልጅ ለብቻሽ አትችይም፤ እነሱም መታመንን አይማሩም።

ስለ ታቢታ አትሸበሪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለትምህርት ቤቱ አትስጪያት፤ ስም ይለጥፉባታል፣ የተለጠፈ ስም ደግሞ አይለቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሌላንድ ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። ከዚህ ጋር ያለችውን ቁራጭ ወረቀት አንቺው አንብቢለት፤ ከሥራ ደክሞት ሲገባ መነጽር ፍለጋ እንዳይቸገር ብዬ ነው። ከስቷል? ይበላል? ጻፊልኝ።

የምትወድሽ፣
አርዲስ


ሴዳር ክሪክ
ኖቬምበር 12 ቀን 1991

ለተከበሩ አክስቴ አርዲስ፣

ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምጽፍልዎ አላውቅም፤ ጌታ በሰው ልጅ አፍ የማይነገር በረከት ይስጥዎ። ሳጥኖቹን ሌላንድ ራሱ አመጣልን። ቁራጯን አነበብኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ሰማኝና «እስቲ ድገሚልኝ» አለ፤ ደገምኩለት። አልከሳም፤ እንዲያውም ቦርጭ ጀምሮታል።

ታቢታ ከሴፕቴምበር ወዲህ ስምንት ደብተር ጨርሳለች! ሁሉም ላይ ከመቶ ዘጠና ስምንት። ዌንደል አንዱን ገጽ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎት፣ ወተት ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ቆሞ ያየዋል። ሲላስ ሦስተኛውን ደብተር ለፍየሏ አበላት፤ ፍየሏም ከሱ የበለጠ ሳትማር አልቀረችም። ቢሆንም አንዷ ከተቃናች የሌሎቹ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሳምንት ሳላለቅስ ሰነበትኩ።

ራሞና


ሴዳር ክሪክ
ጁን 15 ቀን 1992

ለተከበሩ አክስቴ አርዲስ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ለኖቬምበሩ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም፤ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ነው ደግሜ የምጽፈው።

እንደሚያውቁት በየዓመቱ በሜይ መጨረሻ፣ ቤታቸው የሚማሩት ልጆች ጉባኤው ፊት ቆመው መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ታቢታ መዝሙር መቶ ሦስትን አነበበች። አንዲት ቃል ሳትደናቀፍ፣ ድምፅዋን እያነሣች እየጣለች። ሴቶቹ መሐረብ አወጡ። ይኼኔ ሜርሲ አግዳሚው ላይ ቆማ «እማዬ! ታቢ የከፈተችው እኮ ኤርምያስን ነው!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ፓስተሩም ሳቁ። የሕፃን ቀልድ መሰላቸው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ቤት ገብተን አንዱን ሰማያዊ ደብተር ከፈትኩና «ይቺን መስመር አንብቢልኝ» አልኳት። ወረቀቱን አላየችም፤ አፌን ነው ያየችው። አፌ ምንም አልል ሲላት «ከመልሱ መጽሐፍ እያየሁ ነው የሞላሁት እማዬ» አለች። ዓመቱን ሙሉ ፊደሉን እንደ አበባ አንድ በአንድ ስትስለው ኖራለች። ሁለቱን መልስ ሆን ብላ ታበላሸዋለች፤ መቶ ቢሆን እንዳልጠረጥራት። አሥር ዓመቷ ነው አክስቴ። ይኼን ሁሉ የሚያስብ አእምሮ ያላት ልጅ እንዴት «ቤት» የሚለውን ማንበብ ያቅታታል?

«ለአባዬ ትነግሪዋለሽ?» አለችኝ። አልነገርኩትም። ወረቀቱ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ነው።

ምን ላድርግ? አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ከሁለት ዓመት ያነሰ ቀርቷታል፤ እየቆጠርኩ ነው።

ራሞና


ኮቻባምባ አጠገብ
ኦክቶበር 2 ቀን 1992

ለተወደድሽው ልጄ ራሞና፣

የሚያጽናና አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፤ ክላረንስ እግሩ ተሰብሮ ሁለት ወር ስሸከመው ከረምኩ፣ እሱም ሲያማርር ከረመ።

ልጅቷን አትቅጪያት። የመልሱን መጽሐፍ ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ያዢው። ደብተሮቹን ለጊዜው አስቀምጪና ባለ ካርዱን ሞክሪ፤ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ለቦኒ አትንገሪያት፤ የልጅ ገመና አደባባይ አይወጣም። ዋናው መታገሥ ነው።

ስለ ሌላንድ በዚህኛው ምንም አላልሽኝም። ቁራጯን አንብቢለትና ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ።

አርዲስ


ሴዳር ክሪክ
ኦክቶበር 10 ቀን 1993

ለተከበሩ አክስቴ አርዲስ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለአጎቴ እግርም ምሕረት።

ዓመቱን ሙሉ ያልሞከርኩት የለም። ሰባ ካርድ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤ ሜርሲ በሁለት ቀን ሸመደደችው፣ ታቢታ በአምስት ወር አሥራ አንዱን። በስድስተኛው ወር አሥራ አንዱም ጠፉ። በሜይ ወደ ባለ መርከቡ ዞርኩ፤ ከካርቶን መርከብ ሠርተን ሲላስ ኩሬው ላይ ሊሰምጥ ነበር። ከዚያ ወፍራሙን መጽሐፍ ከሰው ተዋስኩ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ ሜርሲ እንኳ ማንበብ ሰለቻት። ጁድ አሁን «እምቢ» ላይ «ሂጂ» ጨምሯል። ታቢታ ጠዋት ጠረጴዛው ሲጸዳ ሆዷን ያማታል። ሰሞኑን ታስመልሳለች።

ቦኒ አንዲት መምህርት ይዛብኝ መጣች። ሴትዮዋ ከታቢታ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጠችና እኔን ለብቻዬ ጠርታ «ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም፣ ደደብም አይደለችም። እንደሷ ላሉት የሚሆን ማስተማሪያ አለ። ግን እያንዳንዱ ዓመት በቆየ ቁጥር ይከብዳል፤ ለሚመጣው ሴፕቴምበር አንድ ቦታ አለኝ» አለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ለዌንደል ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣው፤ ከዚያ «አርዲስ ምን አለች?» አለኝ። «አርዲስ ሰባት ልጅ አስተምራለች። እሷ ላኪያት ካለች ይሁን።»

እንግዲህ ነገሩ በእርስዎ እጅ ነው። ያ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ያላነበበው ልጅዎ የትኛው ነው? ያን ጊዜ ምን አድርገውለት ነበር? ታቢታ ፌብሩዋሪ 11 አሥራ ሁለት ይሞላታል። ላኪያት የሚሉ ከሆነም ለዌንደል አንዲት መስመር ይጻፉለት። አንዲት መስመር ብቻ።

ራሞና


ኮቻባምባ አጠገብ
ጃንዋሪ 19 ቀን 1994

ለተወደድሽው ራሞና፣

ሰላም ላንተ ላንቺ ሳልል ለመላው ቤታችሁ ይሁን። እዚህ ዝናቡ ጠንክሯል፤ ድንቹ በስብሷል ይላሉ። ሴቶቼ አርባ ደርሰዋል።

ልጆቼን እየዘረዘርኩ የትኛው የትኛው ነበር ብል እነሱን ማሳፈር ይሆንብኛል። ጊዜው በጌታ እጅ ነው። ዌንደልን ሰላም በይልኝ፤ ታገሡ።

አርዲስ


ሴዳር ክሪክ
ኤፕሪል 24 ቀን 1994

አክስቴ አርዲስ፣

ደኅና ነን።

የልደቷ ቀን ታቢታ የሰንበት ልብሷን ለብሳ ከቁርስ በፊት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍታዋለች። የልጅዎን ታሪክ እኔው ነኝ የነገርኳት፤ እንድትበረታ ብዬ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣችም። ከዚያ «እማዬ፣ ዛሬ ነበር አይደል?» አለችኝ።

በማርች የጉድጓዱ ፓምፕ ተበላሸና ሌላንድ አዲስ ይዞ መጣ። የመግጠሚያውን መመሪያ ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገና ሜርሲን ጠራት። «አንቺ ሊቅ፣ ነይ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ዛሬ ከኔ ጋር አይደለም» አላት። ታቢታ አጠገቡ ቆማለች። «አንተም አትችልም?» አለችው። እንዲሁ በቀላሉ። ሌላንድ መፍቻውን መሬት አስቀመጠና «አልችልም» አላት።

ኋላ ወጥ ቤቴ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። «ያ ልጅ እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ለእናቴ ያነበብኩት በቃሌ የያዝኩትን ነው። ስንት ጊዜ አንብባልኝ! ማታውኑ ሌላ ገጽ ሰጠችኝ፤ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። እስከ ዛሬ ተነጋግረንበት አናውቅም» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። መሰንጠቂያው ሦስቴ አለቃ ሊያደርገው ጠይቆት፣ ወረቀት ይበዛዋል ብሎ እምቢ ብሏል። እኔን ሞኟን፣ ቁራጭ ወረቀቶችዎን ሳነብለት አልገባኝም።

አዳራሽ ሙሉ ሴት ፊት ቆመው የተናገሩትን አምኜ ልጄን ስድስት ዓመት አስቀመጥኳት። ባለፈው ኦክቶበር ያንዲት መስመር እውነት ለመንኩዎት፤ ስለ ድንች ጻፉልኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኛል፤ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው እኮ የሚታቀፈው ሲኖር ነው!

ዌንደል የእኔን አፍ አያምንም፤ «ሌላንድ ሰነፍ ስለነበር ነው» አለኝ። የእርስዎን ያምናል። ቦታው እስከ ኦገስት ይጠብቃታል። ይጻፉለት።

ራሞና


ኮቻባምባ አጠገብ
ሴፕቴምበር 18 ቀን 1994

ራሞና፣

ሰላም ልልሽ ፊት የለኝም።

የኤፕሪሉ ደብዳቤሽ በጁን መጀመሪያ ደረሰኝ። ስጽፍ ስቀድ፣ ስጽፍ ስቀድ ሦስት ወር ሆነኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ «ሰባቱም አንባቢ ወጡልዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላንድ ወንበር ሊያነሣልን መጥቶ በሩ ጋ ቆሟል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ። ቀና ብሎ አየኝ። እሱን ፊት ለፊት እያየሁ «አንዱ አልሆነልኝም» ልበል? ያ ወሬ ያኔ ከአፌ ወጣ። አጨበጨባችሁልኝ። ከዚያ ወዲህ በአራት ክፍለ ሀገር እየጠሩ አስነገሩኝ፤ እኔም ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ያነበበ እስኪመስለኝ ድረስ ነገርኩት።

የራሴ እያረረብኝ የሰው ሳማስል ኖርኩ። እዚህም የመጣሁት ለዚሁ ነው፤ አንዲት ሴት ባነበበች ቁጥር አንድ ለሌላንድ ብዬ እቆጥራለሁ። አርባ ቢሆኑም የእሱን አይሞሉልኝም።

ለዌንደል የጻፍኩትን ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። እውነቱን ሁሉ ነው የጻፍኩት። ዘገየሁ እንዴ?

አርዲስ


ሴዳር ክሪክ
ኖቬምበር 20 ቀን 1994

አክስቴ አርዲስ፣

ደብዳቤዎ በኦክቶበር መጨረሻ ገባ። አዎ፣ ዘገዩ።

ቦታው በኦገስት ለሌላ ልጅ ተሰጠ። መምህርቷ አልተቀየመችኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ታቢታ በዕድሜዋ ወደ ትላልቆቹ ትምህርት ቤት እንደምታልፍና እዚያ እንደሷ ዓይነት አስተማሪ እንደሌለ ስትነግረኝ ዓይኗን መሬት ላይ ነው ያደረገችው።

ለዌንደል የጻፉትን ሰጠሁት። መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ብዙ ቆየ። አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ሌላንድ ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ ማንንም አያስቸግርም» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። እንደማይደግም ያውቃሉ።

ታቢታን ማስነበብ ትቻለሁ። ከተውኩ ወዲህ ሆዷን አያማትም፤ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ከሁሉ የከፋኝ እሱ ነው። ሲላስን አሁን በካርዱ ይዤዋለሁ፤ ዘጠኙን ያውቃል፤ ነገ ስንቱን እንደሚያውቅ አልጠይቀውም።

ሐሙስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ጆዲ የምትባል ልጅ እግር እናት መጣችብኝ። ሕፃን አቅፋለች፤ የስድስት ዓመቱ ልጇ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል፤ ብብቷ ሥር ካታሎጎች። «ይኼ ልጅ ፊደል እምቢ አለኝ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ራሞና፣ ታቢታን ያስነበባት የቱ ነው? ያን መዝሙር ስታነብ እንዴት እንዳለቀስኩ! ንገሪኝ እስቲ፣ የቱን ልምረጥ?»

ታቢታ ጠረጴዛው ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እጆቿ ቆሙ። ቀና አላለችም፤ አንገቷ ግን እስከ ጆሮዋ ቀላ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እምልልዎታለሁ፣ ከፍቼ ነበር።

«ሰማያዊዎቹ ናቸው» አልኳት። «ትንሽ መታገሥ ነው እንጂ ይመጣል።»

የታቢታ እጆች ባቄላውን ቀጠሉ። ጆዲ አቅፋ ሳመችኝ፣ ታቢታንም ሳመቻት። ታውሺኛለሽ ወይ ብትለኝ ውሰጃቸው አልኳት።

ይቅር አላልኩዎትም፤ ከእንግዲህም አይጻፉልኝ። ሦስቱን ሳጥን አንድ በአንድ ተሸክማ መኪናዋ ላይ የጫነችላት ታቢታ ናት።

ራሞና